ለሽጉጥ ፈቃድ «ምክንያትህ አልበቃም» ተባልኩ፤ ምክንያት የሚለካው በምንድን ነው?

የመንዝ ገብስ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ሕግ የምታውቁም፣ ውጭ አገር ያላችሁም እስኪ አንድ ነገር አስረዱኝ። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው፣ ሥራዬ ገብስ መግዛት። ከመዘዞ፣ ከሞላሌና ከመሐል ሜዳ ገበያ የብቅል ገብስ እየሰበሰብኩ አመጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁ። የገብስ ነጋዴ ማለት ጥሬ ብር ተሸክሞ የሚዞር ሰው ማለት ነው። ገበሬው ገብሱን ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ ብሩን ቆጥሮ፣ ጨውና ዘይቱን ሸምቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። «ነገ እልክልሃለሁ» ብትለው ጆንያውን መልሶ አህያው ላይ ይጭናል።

ባለፈው ታኅሣሥ ሊነጋጋ ሲል እኔ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በባዶ አይሱዙ ተነሣን። ጣርማበርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጉሙ ሲወርድ የመኪናው መብራት ራሱ ተመልሶ ዓይንህን ይወጋሃል። ወደ መዘዞ ታጥፈን ብዙም ሳንርቅ መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ሦስት ናቸው። ክላሽ የያዘው አንዱ ብቻ ነው፤ ሰደፉ ተሰብሮ በሽቦ ተጠምጥሟል። እኔ እንግዲህ ያን ሽቦ ነበር የማየው። የሰውዬውን ፊት ብትጠይቁኝ አላውቅም፣ ሽቦው ስንት ዙር እንደተጠመጠመ ግን እነግራችኋለሁ፤ ሰባት ነው። ባዶ ጆንያዎቹ መሐል የነበረውን 84 ሺህ ብር ወሰዱ። ትርፍ ጎማው ውስጥ ያለውን አላገኙትም። ሊሄዱ ሲሉ አንደኛው ተመለሰና በርኖሴን ከትከሻዬ ገፈፈኝ። አባቴ የሰጠኝ የመንዝ በርኖስ ነበር። ብሩን በሁለት ወር ውስጥ ሠርቼ መለስኩት፤ በርኖሱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ አንድ የማውቀው ሰው የሚሸጥ ሽጉጥ እንዳለው ሹክ አለኝ። ማካሮቭ፣ ከነስምንት ጥይቱ፣ ወረቀት የለውም። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ሁለት የእርሻ በሬ ይገዛል። ቤቱ ሄጄ አየሁት። በጨርቅ ጠቅልሎ ከዱቄት ዕቃ ውስጥ ነው ያወጣው፤ ቃታው ላይ ሳይቀር ዱቄት አለ። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ወጣሁ።

እንደ ሕጉ ልሂድ ብዬ ደግሞ አንድ ቢሮ ገባሁ። ስሙን አልጠራም። ሰውዬው በደንብ አዳመጠኝ፤ እውነቱን ለመናገር ጨዋ ሰው ነው። ስጨርስ እንዲህ አለኝ፦ «ደብረ ብርሃን ውስጥ ብር የማይዝ ነጋዴ አለ? አንተን ከሌላው የሚለይህ ምንድን ነው? ለሁሉም ከተሰጠ ገበያው በሙሉ ባለ ሽጉጥ ሊሆን ነው።» «ተዘርፌአለሁ» አልኩት። «የተዘረፈው ብዙ ነው» አለኝ። ምክንያትህ አልበቃም፣ ሌላ ካለህ አምጣ ብሎ ሸኘኝ።

ማታ አማቼን ደወልኩለት፤ የባለቤቴ ወንድም ነው፣ አሜሪካ ነው ያለው። ሳቀብኝ። «እዚህ ለምን ፈለግህ የሚልህ የለም። ትማራለህ፣ ትከፍላለህ፣ ትወስዳለህ» አለኝ።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና ምንሽር ነበረው። መሐል ሜዳ ገበያ ሲወርድ ትከሻው ላይ ነበር፤ ቤት ሲሆን ምሰሶው ላይ። ማን መሣሪያ እንዳለው አገር ያውቃል። ሽጉጥ ግን አይወድም ነበር። «ፊቱን የማያሳይ መሣሪያ» ይለዋል። እኔ ልጁ አሁን በኮት ስር የሚደበቅ ነገር ልገዛ ስዞር ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። በእኛ ሕግ ለእንደኔ ያለ ሰው መንገድ አለው ወይ? ሁለተኛው፣ አማቼ ያለው እውነት ከሆነ፣ «ምክንያት አምጣ» መባሌ ትክክል ነው ወይስ አይደለም? ፍርሃቴ በቂ መሆኑን የሚመዝነው ማነው?

ፖለቲካ ውስጥ አታስገቡኝ፤ የገብስ ጥያቄ ነው።

ብርዱ ሸዋ

ሁለት በሬ የሚያህል ብር ለሽጉጥ ከምታወጣ ቴሌብር ክፈት።

የመንዝ ገብስ (ጠያቂ)

ወንድሜ፣ ከፍቻለሁ። ገበሬው ስልኩን ከፍቶ «የታለ?» ሲለኝ ኔትወርኩን ከየት አምጥቼ ላሳየው?

ጠበቃው

ወንድሜ፣ እንኳን ነፍስህ ተረፈች። ከመጨረሻው ልጀምር፤ ያን ማካሮቭ እንዳትነካው። ቤቱ ድረስ ሄደህ ማየትህ ራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

አሁን የምንሠራበት በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ፈቃድ የመስጠቱና የመቆጣጠሩ ሥልጣን የፌዴራል ፖሊስ ነው፤ ለክልል ፖሊስ በውክልና ሊያስተላልፈው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ የገባህበት ቢሮ ይህ ሥልጣን ያለው መሆኑን አጣራ። በቃል ጠይቆ በቃል መመለስ የእኛ አገር በሽታ ነው። በጽሑፍ አመልክት፣ የንግድ ፈቃድህን፣ የዘረፋውን ቀን ለፖሊስ ያስመዘገብክበትን ማስረጃ አያይዝ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ። አስመዝግበሃል አይደል? ካላስመዘገብክ ለሕጉ አልተዘረፍክም።

ፈቃድ የሚሰጠው ለሰውና ለመሣሪያው አንድ ላይ ነው። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ሽጉጥ ገዝተህ በኋላ ወረቀት ላሠራለት ማለት አይሆንም። ያለ ፈቃድ መያዝም፣ መሸጥም፣ መግዛትም ወንጀል ነው፤ መሣሪያውም ይወረሳል። አሁን ባለው ሁኔታ ደግሞ ወረቀት የሌለው ሽጉጥ ኬላ ላይ ከተገኘብህ ስለ ገብስ የሚሰማህ ሰው አታገኝም።

ሁለተኛው ጥያቄህ ነው የሚጥመኝ። የኛ ሕገ መንግሥት መሣሪያ የመያዝ መብት የሚባል ነገር የለውም። በሕይወት የመኖር፣ የአካል ደኅንነት መብት አለ፤ ሽጉጥ የለም። ስለዚህ መሣሪያ እዚህ የሚገኘው በፈቃድ ነው፣ ፈቃድ ደግሞ ጠያቂው ነው ምክንያት የሚያቀርበው። አሜሪካ በ1791 በእነሱ አቆጣጠር ሕገ መንግሥታቸው ላይ የጨመሩት ሁለተኛው ማሻሻያ አለ፤ እዚያ መብት ነው ተብሏል፣ መብት ከሆነ ደግሞ ምክንያት ማቅረብ ያለበት ከልካዩ ነው። ቢሮው ሰውዬና አማችህ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰዎች ስለሚስቱት። ፈቃድ ኖረህም አልኖረህም፣ መተኮስህ የሚመዘነው በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 78 ነው፤ ሕጋዊ መከላከል። ጥቃቱ የደረሰብህ ወይም ሊደርስብህ የተቃረበ መሆን አለበት፣ ሌላ ማምለጫ ያልነበረህ መሆን አለበት፣ አጸፋህም ከጥቃቱ ጋር የሚመጣጠን መሆን አለበት። ካለፍክ አንቀጽ 79 ይመጣል። ዳኛው ከድንጋጤና ከፍርሃት የመጣ ነው ካለ ሊያቀልልህ፣ ሊምርህም ይችላል። ነገር ግን በርኖስህን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄደውን ሰው ብትመታው፣ እኔ ችሎት ቆሜ ስለ አንተ የምለው ጥቂት ነው።

ከሞላሌ እስከ አሌክሳንድሪያ

የአገሬ ልጅ! ሞላሌ ነው የተወለድኩት፣ ገበያው ሥር። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከገባሁ አሥራ አራት ዓመቴ፤ ታክሲ ነው የምነዳው። አማችህ አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገረህ። እኔ ፈቃዱ አለኝና ሌላውን ግማሽ ልንገርህ።

እዚህ ፈቃዱን የሚሰጠው ፖሊስ ሳይሆን የወረዳው ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜህ 21 መሙላት አለበት፣ አገልግሎቱ ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፍርድ ቤቱ በ45 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ፈቃዱ አምስት ዓመት ያገለግላል። መሣሪያ መያዝ እንደምትችል የሚያሳይ ሥልጠና ወስደህ ወረቀት ታቀርባለህ። ድሮ ያንን በኢንተርኔት ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ትጨርሰው ነበር፤ ከ2021 (በነሱ) መጀመሪያ ጀምሮ ግን አይሆንም ብለዋል፣ በአካል ሄደህ ነው። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣ ወታደር ነበር። በመጀመሪያው ጥይት ዓይኔን ጨፈንኩ። «አንተ ስትጨፍን ጥይቷ አትጨፍንም» አለኝ። «ለምን ፈለግህ?» ግን ማንም አላለኝም፣ እውነት ነው።

አሁን ደግሞ ስማ። እኔ ሰው የማደርሰው ወዴት ነው? ግማሹን ወደ ዋሽንግተን። ፖቶማክ ወንዝን በድልድይ ስትሻገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ማዶው ግን የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበልም። ሜሪላንድም አይቀበልም። ኪሴ ውስጥ ያለው ሕጋዊ ሽጉጥ ድልድዩን ስሻገር ወንጀል ይሆናል። ደንበኛ «ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አድርሰኝ» ሲለኝ «ቆይ ሽጉጤን ቤት ላድርስ» ልበለው? የምሠራለት ድርጅት ደግሞ መኪና ውስጥ መሣሪያ ጨርሶ ይከለክላል። ሽጉጡ ከተገዛ ጀምሮ አልጋ ስር ሳጥን ውስጥ ነው። 

ሌላም አለ። በ2016 በእነሱ አቆጣጠር ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ጥቁር ሰው ፖሊስ አስቆመው። ፈቃድ ነበረው። «መሣሪያ ይዣለሁ» ብሎ በጨዋ ደንብ ነገረው። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው፤ ተከሶም ነፃ ወጣ። ባለቤቴ ያንን ቪዲዮ አይታ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም፣ እኔ ምንም ሳላደርግ።

«ምክንያት አምጣ» ላልከው ደግሞ የአንተው ታሪክ አሜሪካ ላይ ተፈርዶበታል። ኒውዮርክ በ1911 በእነሱ አቆጣጠር ያወጣችው ሕግ ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ «ተገቢ ምክንያት» ይጠይቅ ነበር። ሮበርት ናሽ የሚባል ሰው ሰፈሬ ውስጥ ዝርፊያ በዝቷል ብሎ አመለከተ፤ ከሌላው ሕዝብ የተለየ አደጋ አላሳየህም ተብሎ ተመለሰ። የቢሮህን ሰውዬ አልመሰለህም? ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በእኛ፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለናሽ ፈረዱ፤ መብት ከሆነ የተለየ ምክንያት ማቅረብ አያስፈልግም ብለው። ሜሪላንድም «በቂና ጠንካራ ምክንያት» የሚለውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተወች። ሜሪላንድ በድሮው ሕጓ እንኳ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ለሚንቀሳቀስ ነጋዴ ትሰጥ እንደነበር ግን ልብ በል። አንተ እዚያ ብትሆን ድሮም ታገኝ ነበር።

የሰላድንጋይ ሰው

ስለ ሽጉጥ የሚወራውን ሳነብ ሳቄ ይመጣል። ይህ አገር የሳህለ ሥላሴ አገር ነው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር ሲወጡ ለንጉሡ ያመጡት ገጸ በረከት ምን ነበር? ጠመንጃ! ከዚያ ወዲህ የሸዋ ሰው ከመሣሪያ ተለይቶ አያውቅም። አሁን ልጆቻችን ወረቀት ለመለመን ቢሮ ለቢሮ ይንከራተታሉ።

የአባትህ ነገር ግን አንጀቴን በላው። እውነት ብለዋል። ምንሽር የሚያነግት ሰው ተጠንቀቁ ይላል። ሽጉጥ የሚደብቅ ሰው አትጠንቀቁ ይላል። አሜሪካኖቹ ይህን የገለበጡት ይመስለኛል፤ ስደበቅ ፍቀዱልኝ የሚል ሕዝብ የት ታይቶ ያውቃል?

ከሞላሌ እስከ አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ እንዲያውም አባቱ ቨርጂኒያ ቢወለዱ በደንብ ይስማማቸው ነበር። እዚህ በአብዛኛው ሽጉጥህን በግልጽ ወገብህ ላይ ብታንጠለጥል ፈቃድ አያስፈልግህም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ኮትህን ከላይ ስትደርብበት ነው። ያለ ፈቃድ ደብቀህ ብትይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 12 ወር እስራት አለው። አንድ ኮት ነው ልዩነቱ!

ሥሩም እርስዎ ያሉት ነው። ኬንታኪና ሉዊዚያና በ1813 በእነሱ አቆጣጠር ደብቆ መያዝን ሲከለክሉ፣ ግልጹ የጨዋ፣ ድብቁ የሽፍታ ነው የሚል ስሜት ነበር። አሁን ዞሮ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ስቴቶች ያለ ምንም ፈቃድ ደብቀህ ያዝ ይላሉ። ራሷ ሉዊዚያናም ከነሱ ገብታለች።

ሲስተር

ሰላም። እኔ ነርስ ነኝ፣ በዚሁ በሰሜን ሸዋ። ስለ ሕጉ ብዙ ተባለ፤ እኔ የማየው ከሌላ በኩል ነው።

ጥር ሲመጣ ሠርግ ይመጣል፣ ከሠርግ ጋር ተኩስ ይመጣል፣ ከተኩስ ጋር እኛ ጤና ጣቢያ። ይህን ሁሉም ስለሚያውቀው አልደግመውም።

የምነግራችሁ ስለ እህቴ ነው። ባሏ ሽጉጥ ነበረው፣ ፈቃድ ያለው፣ ወረቀቱ የተሟላ። ሰውየው ቢሮ ውስጥ ስሙ የተመሰገነ ነው፤ አይጠጣም፣ ወንጀል የለበትም፣ ያቀረበው ምክንያትም «በቂ» ነበር። ቤት ውስጥ አንድም ቀን አልተኮሰም። አንድም ቀን ሰው ላይ አላነጣጠረም። የተከራከሩ ቀን ግን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጠዋል። አፈሙዙ ወደ ግድግዳው። ከዚያ «እራት አቅርቢ» ይላል። ታቀርባለች። ልጆቹ በጎኑ እየዞሩ እንጀራ ይቆርሳሉ። እኔ አንድ ምሽት እዚያ ነበርኩ። ሽጉጡ አጠገብ የሚጥሚጣ ዕቃ ነበር፤ ሚጥሚጣ አማረኝ፣ እጄን መዘርጋት ግን አልቻልኩም።

ይህ በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል? ጠበቃው ይንገረኝ።

ለጠያቂውም ለሁላችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ፈቃድ ሲሰጥ ፖሊስ ይጠየቃል፣ ሐኪም ይጠየቃል፣ ሰፈር ይጠየቃል። ሚስት ትጠየቃለች? አብራው የምታድረው እሷ ናት። ወንድሜ፣ አንተ ቢሮውን ጠይቀሃል፣ አማችህን ጠይቀሃል፣ እኛን ጠይቀሃል። ባለቤትህን ጠይቀሃል?

ጠበቃው

ሲስተር፣ ሽጉጥ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አስቸጋሪ ክስ ነው። ዛቻ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ የዛቻ ቃል የት አለ ይሉኛል። «እራት አቅርቢ» ነዋ ቃሉ። ካነበብኩት ጀምሮ ሥራ አልሠራሁም።

ከሞላሌ እስከ አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ የጠየቅሽውን አንድ ቦታ ጠይቀውታል። ኒውዮርክ በዚያ ፍርድ ከተሸነፈች በኋላ ወዲያው አዲስ ሕግ አወጣች። «ምክንያትህ ምንድን ነው» የሚለውን ትታ «አንተ ማነህ» ወደሚለው ዞረች። 16 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ 2 ሰዓት የተኩስ ልምምድ፣ ጠባዩን የሚመሰክሩለት አራት ሰዎች፣ ከሰጪው መሥሪያ ቤት ጋር ፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ። ከነዚህ ጋር የሚስቱን ወይም አብራው የምትኖረውን ስምና አድራሻ፣ ቤት ውስጥ የሚኖሩትንም አዋቂዎች ያስመዘግባል። መብታችን ተነካ ብለው የከሰሱ ብዙ ናቸው፣ ክርክሩም ገና አላባራም።

ደግሞም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሂሚ በሚባል ሰው ጉዳይ 8 ለ 1 ወስኗል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ምክንያት ፍርድ ቤት አትቅረባት ብሎ ያገደው ሰው መሣሪያ መያዝ ሊከለከል ይችላል ብሎ። መብት ነው ካሉት ስድስት ዳኞች አምስቱ በዚህም ተስማምተዋል። 

የአንቺ እህት ባል ግን እዚያም ቢሆን እገዳ እስኪጠየቅበት ድረስ ንጹሕ ሰው ነው።

የሰላድንጋይ ሰው

ሚስት ካልፈቀደች መሣሪያ አይያዝም ከተባለማ በመንዝ የሚተርፈው ዱላ ብቻ ነው።

ሲስተር

ጋሼ፣ ዱላውም ላይ አስተያየት አለን።

የመንዝ ገብስ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሲስተር፣ ጥያቄሽን ሳነብ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። አልጠየቅኳትም ነበር። ዘረፋውን ነግሬአታለሁ፣ የማካሮቩን ግን አንድም ቃል አልነገርኳትም።

ትናንት ማታ ነገርኳት። ሽሮ እያማሰለች ነበር፣ ማማሰሏን አላቆመችም። «የት ነው የሚቀመጠው?» አለችኝ መጀመሪያ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አልኳት። «ትንሹ ወንበር ደርቦ ስኳር ያወረደበት ቁም ሳጥን ላይ?» ዝም አልኩ።

ከዚያ ድስቱን አወጣችና፣ «ሦስቱ ያስቆሙህ ቀን ሽጉጡ ኪስህ ውስጥ ቢኖር ምን ታደርግ ነበር? እንደ ሆነ አድርገህ ንገረኝ» አለች። ልነግራት ጀመርኩ። መኪናው ቆመ። ረዳቱ በመሐላችን ተቀምጧል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ጉልበቴን ይመታኛል። ክላሹ በሾፌሩ መስኮት በኩል ነው። እጄ በርኖሱ ስር ነው... እዚህ ላይ ስደርስ ቃል አጣሁ። እኔ እኮ ሽቦውን ሰባት ዙር ስቆጥር የነበርኩ ሰው ነኝ። እጄ ከበርኖሱ አይወጣም ነበር። ቢወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚሞተው ያ ልጅ ነው። በርኖሱን ሲገፍፉኝ ሽጉጡንም ያገኙት ነበር፣ ሁለተኛ መሣሪያ ይሆንላቸው ነበር።

ለሰውዬው ዛሬ ጧት አልፈልግም አልኩት። «ሌላ ገዢ አለ» አለኝ። ይህም አሳሰበኝ፤ ማን ይሆን?

ጠበቃው፣ ዘረፋውን ያኔውኑ አስመዝግቤአለሁ፣ ወረቀቱ አለኝ። ማመልከቻውን በጽሑፍ ላስገባ ነው። ሽጉጡን ስለምፈልገው እንዳይመስልህ፤ አሁን እውነት ለመናገር ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ግን «አልበቃም» የሚለውን ቃል በማኅተም ማየት እፈልጋለሁ፤ የሚበቃው ስንት እንደሆነ ይጻፍልኝ። 84 ሺህ ካልበቃ፣ ትርፍ ጎማው ውስጥ የነበረው ቢጨመር ይበቃ ነበር? አሜሪካኖቹ «ምክንያት» የሚለውን ቃል ሰርዘው በምትኩ ሚስትየውን ጠሩ ስትለኝ፣ የኛ ቢሮም ከኔ ምክንያት ይልቅ የባለቤቴን ሁለት ጥያቄ ቢጠይቀኝ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ሸኝቶኝ ነበር፤ እኔም አልከፋም።

ለጊዜው ሞላሌ አንድ ባለ ሱቅ ዘመዴ ጋ ተስማምተናል። ኔትወርክ ሲኖር ሂሳቡን አስገባለታለሁ፣ እሱ ገበያው ቀን ለገበሬው በጥሬ ይከፍልልኛል። በኩንታል የሚቆርጠው አለው፤ ከሽጉጡ ይረክሳል። ችግሩ ብሩ አሁን የሚያድረው እሱ ቤት ነው፤ እሱ ደግሞ ምንም መሣሪያ የለውም፣ ውሻ እንኳ የለውም። ፍርሃቴን ለሱ ያስተላለፍኩበት ይመስለኛል። ነግሬዋለሁ፤ «የኔ ቤት ገበያ መሐል ነው፣ አትሥጋ» ይላል።

የሞላሌው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አልጋህ ስር ያለው ሳጥን ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ከሞላሌ እስከ አሌክሳንድሪያ

ባለቤቴ ጋ ነው። የት እንደምታስቀምጠው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።